ስለ ቤት ስልክ የግድግዳ ሶኬትና ስለ አለዋወጡ

በአገራችን ሰው ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የቤት ስልክ ድምፁ ሲሻክር ወይም በንግግር መካከል ሲቋረጥ ጥፋቱን ወደ ሩቅ መስደድ ነው። አንዱ «ሚኤሶ ላይ መስመር ተበጥሶ ነው» ይላል፤ ሌላው «ማዞሪያው አርጅቷል» ይላል፤ ሦስተኛው ደመናውን ይወቅሳል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ግን በገዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተመታችው ትንሽ ሣጥን መሆንዋን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በብዙ ቤት ከግድግዳው ጋራ አብራ ቀለም ስለምትቀባ የግድግዳው አካል መስላለች።

ባለፈው ክረምት የቤታችን የስልክ ሶኬት ሲለወጥ ባትሪ በመያዝና ካቻቢቴ በማቀበል ከሥራው አልተለየሁም። ሥራውን የሠሩልን በስልክ መስመር ሥራ ብዙ ዘመን ኖረው አሁን በጡረታ የሚገኙ ጎረቤታችን ናቸው፤ እኛ የሰፈር ልጆች «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። የተጠየቁትን ብቻ ሳይሆን ያልተጠየቁትንም የሚያስረዱ ሰው ስለ ሆኑ፣ ከእርሳቸው የሰማሁትንና በፊዚክስ ትምህርታችን ካገኘሁት ጋራ ያስተያየሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጥ ወደድሁ።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ወር ነው። በልጉ በዘነበ ቁጥር ስልካችን እንደሚቆላ ቡና ይንጣጣ ጀመር። በዚያው ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔትም ዝናቡ ሳያባራ አይመለስም። እኅቴ በርቀት የምትማረው ትምህርት በዚህ መስመር ነው፤ አባቴም በፊት ለፊቱ ክፍል ባለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃቸው የሰው ማመልከቻና ፎርም የሚልኩት በዚሁ ነው። ከጥቂት ወራት ትዕግሥት በኋላ አባቴ «በየወሩ የምንከፍለው ለጩኸት ከሆነ መስመሩን እንመልሰውና በሞባይል እንኑር» አሉ። አያቴ ግን እምቢ አሉ። ከ30 ዓመት በፊት ወደ ባሕር ማዶ የሄደችው አክስቴ በየእሑዱ የምትደውለው በዚህ ቁጥር ነው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ሁሉ ረዝመው የእኛ የምሥራቁ ክፍል መለያ 025 በሆነ ጊዜ፣ አዲሱን ቁጥር ለዘመድ ሁሉ እያስጻፉ የላኩት አያቴ ነበሩ። «አንዴ ተቆርጦ ከተመለሰ በኋላ ያው ቁጥር ይገኛል ብሎ የሚዋሰኝ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ የሚዋስም አልተገኘም።

እንግዲህ መስመሩ ይቆይ ወይስ ይቆረጥ የሚለው ክርክር በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጥፋቱ ያለው ከቤት ውጭ ነው ወይስ ከቤት ውስጥ? ከውጭ ከሆነ የእኛ ድርሻ ማመልከትና መጠበቅ ነው። ከውስጥ ከሆነ ግን በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ድንበር ሆና የቆመችው ያቺው የግድግዳ ሣጥን ናት።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ ስልክ ታሪክ ጥቂት ቃል ልናገር። ስልክ ለሐረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር የተዘረጋው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሥራውም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካ አገር የስልክን የባለቤትነት ማረጋገጫ የተቀበለው በ1876 ስለ ሆነ፣ መካከሉ 18 ዓመት ብቻ ነው። ጭሮ፣ ወላጆቻችን አሰበ ተፈሪ የሚሏት ከተማችን፣ ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ከተማዪቱ የተቋቋመችው ኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ነውና፣ ስልኩ ከከተማው ይቀድማል ማለት ነው። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም በየዘመኑ ሲለዋወጥ ቆይቶ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል።

አሁን ወደ ሽቦው እንመለስ። ከማዞሪያው ወደ አንድ ቤት የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ብቻ ናቸው። በወፍራሙ ገመድ ውስጥ ከብዙ ጓደኞቻቸው ጋራ ሲጓዙ ሁለት ሁለቱ እንደ ሹሩባ ተገምደው ነው። ይህም ለማማር አይደለም፤ ከጎረቤት ሽቦ የሚመጣ ጣልቃ ገብ ድምፅ ሁለቱን እኩል ስለሚነካቸው እርስ በርሱ እንዲጣፋ ነው። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ያህል ኃይል ይቆያል። ለምን 48 እንደ ሆነ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። በማዞሪያው ቤት እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ክፍሎች በተርታ ይያያዛሉ፤ 24 ጊዜ 2 ደግሞ 48 ነው። መብራት ሲጠፋ የአያቴ ስልክ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሞደሙ ግን የሚመገበው ከቤቱ መብራት ስለ ሆነ አብሮ ይጨልማል።

ቀፎው ሲነሣ በሽቦው ውስጥ ኮረንቲ መፍሰስ ይጀምራል፤ ማዞሪያውም ሰው መነሣቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። በዚያን ጊዜ 48 የነበረው ቮልት ከ10 በታች ይወርዳል። ከውጭ ሲደወልልን ደግሞ ደወሉን ለማንቀሳቀስ ከ70 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ፣ በሴኮንድ ከ20 እስከ 25 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ይላካል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ሽቦ በእጁ የያዘ ሰው በዚያች ሰዓት ቢደወልበት ክፉኛ ያስደነግጠዋልና።

ጋሼ በመጡ ጊዜ መጀመሪያ ሣጥኒቱን የሚከፍቱ መስሎኝ ባትሪውን አብርቼ ቆሜ ነበር። እርሳቸው ግን አስቀድመው አባቴ ለመሥሪያ ቤቱ ደውለው ሶኬት እንደሚለወጥ ማስታወቃቸውን ጠየቁ፤ አስታውቀዋል። ከዚያ ሞደሙን፣ የሱቁን ስልክና የአያቴን ስልክ ሁሉንም አስነቀሉ። ይዘውት የመጡትን ደኅና ባለገመድ ስልክ ብቻውን ሰኩና አንዲት ቁጥር ነክተው የመደወያው ድምፅ ሲያቆም አዳመጡ። ጤነኛ መስመር በዚህ ጊዜ ዝም ይላል። የእኛ ይንጣጣ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ከስልኮቹም ከሞደሙም አይደለም።

ቀጥለው ክዳኑን ከፍተው ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን የቤት ውስጥ ሽቦዎች ፈቱና ከውጭ የመጡትን ሁለቱን ብቻ አስቀሩ። አሁንም ይንጣጣል። በመጨረሻ ሁለቱን የውጭ ሽቦዎች ራሳቸውን ከብሎናቸው አውጥተው፣ ጫፋቸውን ፍቀው፣ መሞከሪያ ስልካቸውን በቀጥታ አያያዙባቸው። ዝም አለ። ቀፎውን ለእኔም ሰጡኝ፤ ከጭሮ እስከ ማዞሪያው ያለው መንገድ ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። «ሰማህ አንተ ልጅ? ከስልክ እንጨቱ እስከዚህ ያለው ደኅና ነው። በሽተኛዋ ይህች ናት» አሉና ሣጥኒቱን በካቻቢቴያቸው እጀታ ነካ አደረጓት።

በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ይህ ነው። የቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ይህ ግን የሐሳብ ሥራ ነው። ከሩቁ እየቀነሱ ወደ አንድ ነጥብ መድረስ በሒሳብ ክፍል የምንማረው ነገር በግድግዳ ላይ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል።

ሣጥኒቱ ስትከፈት ውስጧ እንዲህ ነበር። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። አራት ብሎኖች አሉ፤ ከእነርሱ አንደኛው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ጭንቅላቱ አይታይም፤ ጎረቤቱ ግን እምብዛም አልተነካም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ጋሼ ሲያስረዱ፣ በእርጥበት ውስጥ ኮረንቲ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ሾልኮ ሲሄድ፣ መዳቡ እየሟሟ የሚበላው በአዎንታዊው ወገን ነው አሉ። ይህም በኬሚስትሪ ክፍል በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ሁለት ዘንግ ነክረን ያየነው ነገር ነው። በማዞሪያውም ቤት ከባትሪዎቹ ወደ መሬት የሚታሰረው አዎንታዊው ጫፍ የሆነው በመሬት ውስጥ የሚሄደው መዳብ እንዳይበላ ታስቦ ነው። የዛገ መያያዣ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል፤ ያ ሁሉ መንካትና መልቀቅ በጆሮ ሲሰማ የቡና መቆላት ይመስላል።

ታዲያ እርጥበቱ ከየት መጣ? መስኮቱ አይደለም፤ ጣራውም አያፈስም። ጋሼ ወደ ውጭ ወጥተው ሽቦው ወደ ቤት የሚገባበትን ቀዳዳ አሳዩኝ። ሽቦው ከስልክ እንጨቱ ቁልቁል መጥቶ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይገባል። የዝናብ ውሃ እንደ ሰው መንገድ ይወዳልና በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ እስከ ሣጥኒቱ ድረስ ይጓዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሽቦው ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ሽቅብ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ውሃው ከታጠፈበት ላይ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ይህ ባይደረግ ኖሮ አዲሱ ሶኬት ከሁለት ክረምት አያልፍም ነበር። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ በመንገድ ስሄድ ዓይኔ የሰው ቤት ቀዳዳ ላይ ነው። በሂርና በአጎቴ ቤት፣ በገለምሶም በአንድ ዘመዳችን ቤት ያየኋቸው ሽቦዎች ሳይታጠፉ በቀጥታ የገቡ ናቸው።

አዲሱን ሶኬት ለመግዛት ወደ ገበያ የተላክሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ስሄድ ትንሽ ማግኔት ሰጡኝ። ብሎኖቹና ምላሶቹ በማግኔት ከተሳቡ ብረት ናቸውና አትግዛ፤ ናስ ከሆነ አይሳብም አሉኝ። በአንደኛው ሱቅ ያለው ሶኬት ሁሉ ተሳበ፤ ባለሱቁም ማግኔቱን አይቶ ብዙ ደስ አላለውም። በሁለተኛው ሱቅ ያልተሳበ ተገኘ።

ሥራው ሲጀመር ጋሼ ደረቅ ጫማ እንዳደርግ አዘዙኝ። የፒንሳውና የካቻቢቴው እጀታ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ከሁለቱ የውጭ ሽቦዎች አንዱን ከፈቱ በኋላ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለው ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ እንጂ ሁለት ራቁት ሽቦ በአንድ ጊዜ በእጃቸው አይነኩም። አንዳንድ ሰው በሌላ ክፍል ያለውን ቀፎ አንሥቶ ካስቀመጠ መስመሩ ስለሚያዝ አይደወልብኝም ይላል። ነገሩ ሽቦው እስኪፈታ ድረስ እውነት ነው፤ ከተፈታ በኋላ ግን ያ ስልክ ራሱ ከመስመሩ ስለ ወጣ ምንም አይጠቅምም።

ሽቦው ሲላጥ የሚበቃው አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። በሚላጥበት ጊዜ ምላጩ መዳቡን ቢነካው ዛሬ አይታወቅም፤ ከወራት በኋላ በዚያች ጭረት ላይ ይሰበራል። የተላጠው ጫፍ በብሎኑ ዙሪያ የሚጠመጠመው ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ማለት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ነው። እንዲህ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ሽቦውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ወደ ግራ ከተጠመጠመ ግን እያጠበቅነው ይገፋዋል። በሣጥኑም ውስጥ አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ ሽቦ ይተዋል፤ የሚቀጥለው ሠሪ የሚቆርጠው እንዲያገኝ። ከሁለቱ የትኛው ወደ ግራ፣ የትኛው ወደ ቀኝ ይታሰር ብዬ ለጠየቅሁት፣ ለዛሬ ዘመን ስልክ ለውጥ የለውም፤ ቢሆንም እንደ ነበረው መመለስ የሠራተኛ ወግ ነው ሲሉ መለሱልኝ።

ግድግዳችን የጭቃ ስለ ሆነ ብሎን በጭቃው ላይ አይጸናም። ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ የእንጨቱን ቋሚ ፈልገው ሶኬቱን በእርሱ ላይ፣ ከቀድሞው ቦታ ከፍ አድርገው መቱት። የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው ሰው በስቶ ፊሸር ያስገባል።

ስለ ኢንተርኔቱ የቀረኝን ልናገር። የሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ የሚሄደው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ በሚደርስ ንዝረት ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከ25,000 ጀምሮ ከሚሊዮን በላይ እስከሚደርስ ባለው ንዝረት ላይ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ሳይጣሉ የሚሄዱት ስለዚህ ነው፤ በቤት ውስጥም ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ለየራሳቸው ታወጣቸዋለች። ከአሮጌዋ ሣጥን ሦስት ቅርንጫፎች ይወጡ ነበር፤ አንዱ ወደ ሱቅ፣ አንዱ ወደ አያቴ ክፍል፣ ሦስተኛው ወደ ቀድሞው ወጥ ቤት። ወጥ ቤቱ ከፈረሰ ዘመን የለውም፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ ጫፉ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። የስልክ ድምፅ በዚህ አይጎዳም። የኢንተርኔቱ ንዝረት ግን በጨርጨር ገደሎች መካከል እንደሚጮህ እረኛ ድምፅ ነው፤ እስከ ሽቦው ጫፍ ሄዶ ይጋጭና የገደል ማሚቶ ሆኖ ይመለሳል፤ ከሚመጣው አዲስ ድምፅ ጋራም ይደባለቃል። ጋሼ ያንን ቅርንጫፍ ከሥሩ አስወጡት፤ ሞደሙም በሶኬቱ አጠገብ እንዲቀመጥ አደረጉ።

የመብረቅም ነገር መረሳት የለበትም። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ በክረምት ነጎድጓድ የሌለበት ሳምንት ጥቂት ነው። በመስመሩ ላይ ጋዝ የያዘች ትንሽ ቱቦ ትደረጋለች፤ ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ወደ መሬት ታሳልፈዋለች። ይህ የሚሆነው ግን ደኅና የመሬት ሽቦ ሲኖር ነው፤ በብዙ ቤት ደግሞ የለም። እንግዲያው ደመናው ሲጠቁር ሞደሙን ከመብራቱም ከስልኩም መንቀል ነው፤ በዚያን ሰዓት ሣጥን መክፈት ከቶ አይገባም።

የድንበሩን ነገር በሚመለከት እንግሊዞች ያደረጉት የሚያስቀና ነው። በእነርሱ አገር እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ ስልኩ በአብዛኛው በኩባንያው ሠራተኛ እጅ ከግድግዳው ጋራ ይታሰር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ «ማስተር ሶኬት» የሚሉት ዋና ሶኬት እየተመታ ሰው ስልኩን ራሱ እንዲሰካ ተፈቀደለት። ኋላም የሶኬቱ የፊት ግማሽ ተፈትቶ የሚወጣ ሆኖ ተሠራ፤ ባለቤቱ የሚነካው ይህን ግማሽ ነው፣ ከኋላ ያለው የኩባንያው ነው፤ ጥፋት ሲደርስ የፊቱን አውጥቶ በውስጥ ባለው አፍ ስልኩን ሰክቶ ያዳምጣል። ጋሼ ሦስት ጊዜ ፈትተው ያገኙትን ፍርድ እንግሊዛዊው በሁለት ብሎን ያገኘዋል። እኔ ያየኋቸው የአገራችን ሣጥኖች እንዲህ ያለ ክፍል የላቸውም። ስለዚህ ከስልክ እንጨቱ እስከ ግድግዳው ያለውን ሽቦ ማንም ተማሪ እንዳይነካ፣ ጥፋቱም በዚያ በኩል መሆኑ ከታወቀ ወደ 994 ተደውሎ እንዲመለከቱት እንዲደረግ አደራ እላለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ የመዳብ ሽቦ ዘመኑ አልፏል፣ የብርሃን ገመድ እየተተካ ነው ይሉኛል። እውነት ነው። ነገር ግን በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን እንጂ የማዞሪያው ባትሪ ኃይል አይሄድም፤ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ባትሪ ከሌለ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። በአያቴ ዕድሜ ያለ ሰው በሌሊት ቢታመም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሥራው ባለቀ በሚቀጥለው እሑድ አክስቴ ደውላ «ሌላ ስልክ ገዛችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አያቴ የመለሱላት ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለ አባቴ ነበር፤ እርሱን ለመጻፍ አልተፈቀደልኝም። የነሐሴ ዝናብ ጠንክሮ ሲዘንብ እኅቴ ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ስለ መስመሩ መመለስም በቤታችን ዳግመኛ አልተነሣም።

ጋሼ ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት እርሳስ ለመኑኝና በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉ። ከሥሩም «የውጭ ሁለቱ ከላይ፤ ሱቅ ከታች በግራ፤ እማማ ከታች በቀኝ፤ የወጥ ቤቱ ወጥቷል» የሚል ጨመሩ። በአሮጌዋ ክዳን ውስጥ ምንም ጽሕፈት አልነበረም፤ ሦስተኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ግድግዳ ስናንኳኳ ቆይተን ነበር።